አልጋ ላይ የተዘረጋ ልብስ

ቆቦ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለሙሉጌታ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ወሬ ላርም፤ ደሴ ድረስ ደርሶ ይሆናልና። እኔ መርዶ አላረዳሁም። የደመቀች ልጅ ጋሹ ጦር ሜዳ መሞቱን መንግሥት ለጌጤ በምስጢር ነግሯት፣ እሷም በኪነት አስመስላ እናቲቱን አረዳቻት እየተባለ ነው። ሐሰት ነው። ማንም ምንም አልነገረኝም። ስለ ጋሹ የማውቀው አንተ የምታውቀውን ያህል ነው፤ ሁለታችሁንም በአንድ ዴስክ አስቀምጬ ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ። አምና ሚያዝያ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ሄደ፤ ከግንቦት ወዲህ ለእናቱ አልጻፈም። ከዚህ በላይ አላውቅም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የኪነት ልጆቹም ደህና ናቸው።

የወባው ትርኢት እንዴት ሆነ ላልኸው መልሱ ረጅም ነው። አሥር ቀን አሠልጥነሃቸው ከሄድህ በኋላ እኔ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሠራኋቸው። ስምንቱም የሚቆሙበትን ቦታ እንዳይስቱ ሜዳው ላይ በኖራ መስመር አሰመርሁላቸው። ትንኞቹ ከረግረጉ ተነሥተው የሚጨፍሩት ጥሩ ሆነ። ኩሬውን አላፈስስም፣ ኪኒንም አልውጥም የሚለው ገበሬ ታደሰ ነው፤ እሱም ጥሩ ሆነ። ችግር የመጣው ገበሬው ሲሞት ነው። ታደሰ አልጋው ላይ አልተኛም አለ።

«እትዬ፣ ተኝቼ ካለቀሳችሁልኝ በኋላ ብነሣ እንኳ ግማሼ እዚያው ይቀራል» አለኝ።

ከበሮ መቺው ጌታሁን ሳቀበት፤ በየቀበሌው ስብሰባ ተኝቶ ሲውል ማንም አልቅሶለት አያውቅም እያለ። እንኳን ታደሰ ከስምንቱ አንድ የሚተኛ አልተገኘም። ስለዚህ አንተ ሥልጠናው ላይ እንዳመለከትኸው፣ በሩቅ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው፣ ልብስ አልጋው ላይ ዘርግተን እንድናለቅስ ተስማማን። አልማዝ መጀመሪያ የተጠቀለለ ጋቢ አመጣች። መለስሁት። ጋቢ የማንም ነው፤ የሟች ልብስ ሰው ሠርቶበት ያረጀ መሆን አለበት አልኋት። ወዲያው ሄዳ ካኪ ኮትና ሱሪ ይዛ መጣች። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅሁም። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለብኝም።

እሑድ ጥቅምት 10 ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ደረት እየመቱ አልጋውን ሲዞሩ ደመቀች ከሕዝቡ መሀል ተነሣች። የኖራውን መስመር ተሻግራ አልጋው ራስጌ ቁጭ አለች። የኮቱን ክርን ገልብጣ አየች፤ እሷ ራሷ ለጋሹ በሰማያዊ ክር የጣፈችው ነበር። ጌታሁን ከበሮውን አቆመ።

«ማን ነገረሽ፣ እትዬ ጌጤ?» አለችኝ።

ማንም አልነገረኝም አልኋት። «እሺ» ብላ ልብሱን አጥፋ በነጠላዋ ቋጠረችና ሄደች። ሴቶቹ እውነተኛውን ለቅሶ እያለቀሱ ተከተሏት። ሊቀመንበሩ የሞተ ሰው የለም፣ ወደየቤታችሁ ግቡ እያለ ይጮህ ነበር፤ ጩኸቱ ሰውን የባሰ አሳመነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደመቀች በየቀኑ ትመጣለች። የቀረውን ንገሪኝ ትለኛለች፤ የት ነው፣ መቼ ነው። የማውቀው ነገር ካለመኖሩ በላይ የሚያስቸግረኝ አለማመኗ ነው። አንተ ደሴ ነህ፤ የዘማቾቹ ዝርዝር ያለበትን ቢሮ ታውቃለህ። ጋሹ አባይ በሕይወት አለ ወይስ የለም? አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ጌጤ አራጌ

---

ደሴ፣ ኅዳር 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ ጌጤ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሥራ ጊዜ አልሰጠንም።

የቆቦ ኪነት ቡድን ስለ ወባ ያቀረበው ትርኢት በሕዝቡ ዘንድ ከፍተኛ ስሜት እንደፈጠረ ከወረዳው የመጣው ሪፖርት ይገልጻል። ኃላፊዎቼ ተደስተዋል። በዕቅዱ መሠረት ትርኢቱ በሮቢትና በጎብዬ ይቀጥላል፤ ከዚያም ወልድያ ላይ በአውራጃ ደረጃ ይታያል። የለቅሶውን ክፍል እባክዎ አይቀንሱት።

የጠየቁኝን ጉዳይ በሚመለከተው ክፍል እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይወስዳል።

አንድ ነገር እኔም ልጠይቅዎ። ወይዘሮ ደመቀች ያን ዕለት አለቀሱ? ከዚያ በኋላስ? ለምን ይህን እንደምጠይቅ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ሙሉጌታ

---

ቆቦ፣ ኅዳር 13 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለሙሉጌታ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ገጽ ሙሉ ጽፈህ አንዱን ቃል ሳትጽፍ ቀርተሃል።

ለጥያቄህ፦ አላለቀሰችም። ያን ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ። ጸጉሯን አልተላጨችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ለሚያጽናናት ሰው ገና አልተነገረኝም ብላ ትመልሳለች። ማሽላዋን ብቻዋን አጨደች። ልብሱን በየቀኑ አጥባ በመንገዱ በኩል አጥሩ ላይ ታሰጣዋለች። እኔ ቤት ስትመጣ ስለ ልብሱ ብቻ ነው የምታወራው። ሲደርቅ ይከብዳል ትለኛለች። እርጥቡን ይዤው እወጣለሁ፣ ሲደርቅ ለማውረድ ሁለት እጅ ይፈልጋል ትላለች። የእህል ነጋዴው የታሂር ሚዛን ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ ልመዝነው እችል ነበር። አልመዘንሁትም።

እሑድ ኅዳር 8 ሮቢት አቀረብን። የሰው ልብስ ዳግመኛ እንዳይመጣ ጌታሁን የራሱን አሮጌ ካፖርት እዚያው አውልቆ ሰጠ፤ ሕዝቡም ባለቤቱ ከበሮ ሲመታ እያየ ነው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተነሣም። እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

እንደምታውቀው ልጆቹ በባዶ እግራቸው ነው የሚጨፍሩት። ሲያበቃ ማን ከመስመሩ እንደወጣ ለማየት የኖራውን ዱካ አንድ በአንድ እመለከታለሁ፤ በሚቀጥለው ልምምድ የማርማቸው በዚያ ነው። የስምንቱንም እግር አውቃለሁ። ሮቢት ላይ ዘጠነኛ ነበር። ከስክስ ጫማ ነው። ከሰሜን በኩል፣ ከቆቦ መንገድ አቅጣጫ ገብቶ ልጆቹ ከሚዞሩበት ውስጥ ለውስጥ እስከ አልጋው ይሄዳል። የቀበሌው ጠባቂ ያለፈ መስሎኝ አስጠራሁ። ሦስቱም ጠባቂዎች ያደረጉት ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው። ሕዝቡ ውስጥ ከስክስ ያደረገ አይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አላየንም አሉ።

ለልጆቹ አልነገርኋቸውም። ግን ስንመለስ መኪናው ላይ አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስንዞር ከኔና ከታደሰ መሀል ያለው ቦታ ለምን ጠበበ፣ መስመሩን አጥብበውት ነው? አለችኝ። አላጠበብሁም። በገመድ ለክቼ ነው ያሰመርሁት።

የጠየቅሁህን አንድ ቃል እጠብቃለሁ።

ጌጤ

---

ቆቦ፣ ኅዳር 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለሙሉጌታ፣

በሹፌሩ እጅ የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም፣ ቀን የለውም፣ ፊርማም የለውም። እንደዚያ እንድትጽፍ አላስተማርሁህም። ሆኖም ጥያቄዎቹን ልመልስ።

የጫማው ርዝመት በማስመሪያ ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። አዎ፣ የአንድ እግር ብቻ ነው፤ የቀኙ። በግራው በኩል እግር የለም፤ ኖራው እንደ ተጎተተ ነገር ተጠርጓል። ይህን ባለፈው ደብዳቤ ያልጻፍሁት የማየውን ስላላመንሁ ነው። አንተ ግን ሳልነግርህ የቱ እግር ነው ብለህ ጠየቅህ። እንዴት እንደጠየቅህ ቆይቼ እጠይቅሃለሁ።

እሑድ ኅዳር 22 ጎብዬ አቀረብን። በዚህኛው ጊዜ ተጠንቅቄአለሁ። ኖራውን በራሴ እጅ በተንሁ፤ ሜዳውን ሁሉ ነጭ አደረግሁት። በሰሜን በኩል ሕዝብ እንዳይቆም አድርጌ እዚያ እኔ ራሴ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ናት፣ ዓይኔ ደግሞ ከጉልበቴ ይሻላል። በፊቴ ማንም አላለፈም። ለቅሶው ሲጀመር ጌታሁን ምቱን አዘገየ። በኋላ ለምን አዘገየህ ብዬ ተቆጣሁት። እኔ አላዘገየሁም፣ እግራቸው ሲከብድ እሱን ተከትዬ ነው አለኝ። ከስምንቱ አንዱም አዘገየሁ አላለም።

ሲያበቃ ዱካው ነበረ። ከወንበሬ በስተቀኝ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ላይ አልፎ አልጋው ድረስ ሄዷል። የተመለሰበት ዱካ የለም። ጌታሁን ካፖርቱን አልነካም ብሎ እዚያው ትቶት መጣ፤ ያለው አንድ ካፖርት እሱ ነበር።

አልማዝ በማግስቱ እያለቀሰች ቤቴ መጣች፤ ሁሉንም ነገረችኝ። ልብስ ከደመቀች ቤት እንድታመጣ የነገርሃት አንተ ነህ። «እትዬ ጌጤ ጋቢውን ትመልሰዋለች፣ ያን ጊዜ ሄደሽ ለምን እንደሆነ ሳትናገሪ የጋሹን ጠይቂ» አልሃት። ለማንም እንዳትናገር አስምለሃታል። ልጅቷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰው የገደለች መስሏት ከስታለች።

እንግዲህ የምጽፈው ይህ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወልድያ ትሄዳላችሁ ብሏል። ልጆቹ አይፈልጉም፤ እኔም ሳላውቅ አልወስዳቸውም። ደመቀች አሁንም በየቀኑ ትመጣለች። ትናንት ምንም አልጠየቀችኝም፤ ተቀምጣ እጄን ያዘችና ቆይታ ሄደች። ይህን ልሸከም አልችልም። ጋሹ በሕይወት አለ?

ጌጤ

---

ደሴ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

እትዬ ጌጤ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ጎረቤትዎ ራህመት እህቷን ልትጠይቅ ደሴ መጥታ አገኘኋት፤ በደረቷ ይዛ ትመጣለች። ሲያነቡ ብቻዎን ይሁኑ።

የለም። ጋሹ የለም።

ስሙን ያየሁት በነሐሴ ነው። ዝርዝሩ ለትየባ እኛ ክፍል መጥቶ ነበር። ለቤተሰብ ሳይፈቀድ እንዳይነገር ታዝዟል፤ መቼ እንደሚፈቀድ የሚያውቅ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለአክስቱ ተናግሮ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ፈሪ ነኝ እትዬ። ልጅ ሳለሁም ያውቁኛል።

ለሥልጠናው ቆቦ የመጣሁ ጊዜ በየጠዋቱ በእማማ ደመቀች ደጅ ነበር የማልፈው። ጥንቅሽ ቆርጠው ይሰጡኝ ነበር። «ደሴ ሰው ይበዛል፣ ልጄን አላገኘኸውም?» ይሉኛል። አላገኘሁትም እላለሁ። ጥንቅሹን እየመጠጥሁ እሄዳለሁ። አሥር ቀን እንዲህ ሆነ።

ለመናገር አልቻልሁም። ግን ጋሹ ሳይለቀስለት መቅረቱንም አልቻልሁትም። ስለዚህ ለቅሶውን ትርኢቱ ውስጥ አስገባሁት። ልብሱ በአገሩ ሜዳ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ሰው ደረት ቢመታበት ይበቃዋል ብዬ ነበር። እናቱ መስክ ላይ ይሆናሉ፣ አይመጡም ብዬ ነበር። እርስዎ የማንም የሆነ ልብስ እንደማይቀበሉ አውቃለሁ፤ ያን ነው የተጠቀምሁበት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን የምከፍትበት ድፍረት የለኝም።

ስለ እግሩ የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ከእሱ ጋር የነበረ የአላማጣ ልጅ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ አግኝቼው ነበር። ጋሹ የቆሰለው ግራ እግሩን ነው። ሦስት ቀን እየጎተተው ሄዷል። በመጨረሻው ቀን ያገኘውን ሁሉ የቆቦ መንገድ በየት ነው እያለ ይጠይቅ ነበር አለኝ። ሰኔ 17 ቀን ነው የሞተው። የሮቢቱን ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ ትቻለሁ።

ይህን ያቃጥሉት። ለእማማ ደመቀች የሚነግሯቸው ከሆነ ስሜን አይጥሩ፤ እባክዎ።

ሙሉጌታ

---

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለሙሉጌታ፣

ራህመት ደብዳቤውን ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አቃጠልሁት። አንተን ለማስደሰት አይደለም፤ ለራህመትና ለልጆቿ ብዬ ነው።

በጥቅምት መርዶ አላረዳሁም ብዬ ጽፌልህ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አርሜዋለሁ። አርድቻለሁ። ሳላውቅ፣ ያለ ቃል፣ ያለ ዘመድ፣ በሕዝብ ፊት በከበሮ። ሰዎቹ ያሉት ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት እኔ አውቃለሁ ማለታቸው ብቻ ነው። ያስተማርሁት ልጅ በእጄ ይህን ስላሠራኝ ምን እንደሚሰማኝ አልጽፍልህም። ፈሪ መሆንህን አውቅ ነበር፤ ተንኰለኛ መሆንህን ግን አላውቅም ነበር። ደግሞም ለጓደኛህ ካንተ በቀር ለማልቀስ ያሰበ ማንም እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ የቱ እንደሚከብድ አልለየሁም።

ስሜን አይጥሩ ላልኸው፣ ማን ነገረሽ ብላ ከጠየቀችኝ አልዋሻትም። በእሷ ፊት መናገር የሚያስፈራህን ለእኔ በወረቀት ነግረኸኛል፤ የቀረው ቀላል ነው። ሐዘኑ ላይ ብትደርስ መልካም ነው። ባትደርስም አልፈርድብህም፤ ግን ጥንቅሹን ታስታውሰዋለህ።

ወልድያ አንሄድም። ዛሬ ጠዋት ለሊቀመንበሩ ይህንኑ ነገርሁት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ዱካውን ነገርሁት፤ ከዚህ በፊት ካንተ በቀር ለማንም አልተናገርሁትም ነበር። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ወንድሙ ከጋሹ ጋር አብሮ ነው የሄደው። ዱካው በየት አቅጣጫ ነው የሚሄደው አለኝ። ያን ጊዜ ነው እኔም በደንብ ያሰብሁት። ቆቦ ላይ እናቱ ልብሱን ከአልጋው አነሣችው። ከዚያ ሮቢት፣ ከዚያ ጎብዬ። ሁለቱም ጊዜ የመጣው ከቆቦ በኩል ነው። መንገዱን አግኝቶታል ማለት ነው፤ ግን ቤቱን አልፎ ለቅሶ ወደሚሰማበት እየሄደ ነው። እኛ ወደ ደቡብ በሄድን ቁጥር ከደጁ እያራቅነው ነበር። ይህን አምናለሁ አልልህም። የተማርሁት እንዲህ ያለውን ነገር እንዳላምን ነው። ግን የለካሁትን ለክቻለሁ፤ የቆጠርሁትን ቆጥሬአለሁ።

ነገ ደመቀችን እንደማረዳት ስነግረው ሊቀመንበሩ ከአምስት ሰው በላይ ከተሰበሰበ ስብሰባ ነው፣ እኔም መስማቴ የግድ ነው አለኝ። አራት ነን አልሁት። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ሲሰማ ስንት ሰው እንደሚመጣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሰውየው በሩ ድረስ ሸኘኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የሚያስሩኝ ከሆነ ብርድ ልብስ ራህመት ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ከደመቀች ጋር ዛሬ አልተያየንም። ሁለት ወር ሙሉ ስትመጣ የነበረች ሴት ዛሬ አልመጣችም። ታንጉት፣ እህቷ፣ ልታያት ሄዳ ነበር። ልብሱን ከአጥሩ ማውረድ አቅቷት አጠገቡ ቁጭ ብላ አገኘኋት አለችኝ። ታንጉት አግዛት ሁለቱ ሆነው አወረዱት። ስለ ክብደቱ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም፤ መዳፏን ግን ደጋግማ በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ጽፌልህ ልዝጋው፤ እንዳልሰንፍበት ነው።

ጎሕ ሳይቀድ እነሣለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ፤ ምንም አልቀምስም። በትሬን ይዤ ታንጉትን ከቤቷ እወስዳለሁ፤ ሼህ አብዱሰመድ በመንገዱ ማዶ ይጠብቁናል፤ ቃሉን አብረውኝ እንዲቆሙበት ለምኛቸው እሺ ብለዋል። ራህመት ቀድማ እሳት ልጭር ብላ ትገባና ቢላዋውንና ገመዱን ከቤቱ ታሸሻለች። ደመቀች ከብቶቿን ከበረት ሳታወጣ እንደርሳለን። ታንጉት በቀኟ፣ ራህመት በግራዋ ይቆማሉ። ወንበር ትሰጠኛለች፤ አልቀመጥም። የጋሹን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ፤ ቀኑን፣ ሰኔ 17 መሆኑን እነግራታለሁ፤ የቤቱን መንገድ ሲጠይቅ እንደነበር እነግራታለሁ። ከዚያ ሞቷል እላለሁ፤ ይህን ቃል በሌላ ቃል አልለውጠውም።

ጌጤ አራጌ